በጋራ ሽንት ቤት በሽታ ይያዛል ወይስ አይያዝም? ቁርጡን ንገሩኝ

የማለዳ ጤዛ

ሰላም ለሁላችሁ። እባካችሁ የምታውቁ በቁም ነገር መልሱልኝ። የምሠራበት ቦታ ያለው ሽንት ቤት የጋራ ነው፣ ሠራተኛውም ባለጉዳዩም ይገባበታል። ሰሞኑን ስሸና ያቃጥለኝ ጀመር። ቶሎ ቶሎ ይመጣብኛል፣ ስሄድ ግን ጠብ ብሎ ይቀራል። ተመረመርኩና የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ነው ተብዬ መድኃኒት ጀምሬያለሁ፣ እየተሻለኝም ነው።

ያስጨነቀኝ ከዚያ በኋላ የሰማሁት ነው። አንዷ የሥራ ባልደረባዬ "ከዚያ ሽንት ቤት ነው የያዘሽ፣ እንኳን ይሄ፣ ጨብጥና ቂጥኝም ከመቀመጫው ይይዛል" አለችኝ። ሌሎቹም አዎ አዎ አሉ። አሁን እዚያ መግባት ፈራሁ። ሽንት እንዳይመጣብኝ ብዬ ውሃ አልጠጣም። ቢመጣም ቤቴ እስክደርስ ይዤው እውላለሁ። የግድ ከሆነብኝ ደግሞ መቀመጫውን ሳልነካ ከፍ ብዬ፣ እግሬ እየተንቀጠቀጠ ነው የምሸናው። ሶፍት አነጥፋለሁ፣ አንዳንዴ አልኮል እረጫለሁ።

ሰው በእውነት ከሽንት ቤት መቀመጫ በሽታ ይይዘዋል? ከያዘስ የትኛው በሽታ ነው? የማደርገው ጥንቃቄስ ይጠቅመኛል ወይስ በከንቱ ነው የምሰቃየው?

የላብራቶሪ ሰው

እህቴ፣ በመጀመሪያ እግዚአብሔር ይማርሽ። ላብራቶሪ ውስጥ ነው የምሠራው፣ የሽንትና የሰገራ ናሙና ማየት የዕለት ሥራዬ ስለሆነ የማውቀውን ልንገርሽ።

ያንቺን ሕመም መቀመጫው አላመጣውም። የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽንን በአብዛኛው የሚያመጣው ኢ ኮላይ የሚባል ባክቴሪያ ነው፣ እሱ ደግሞ የሚኖረው እዚያው በገዛ አንጀታችን ውስጥ ነው። ከፊንጢጣ አካባቢ ተነስቶ ሽንት መውጫው ላይ ይደርስና ወደ ፊኛ ይዘልቃል። የሴት የሽንት ቧንቧ ርዝመቱ 4 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው፣ የወንድ ግን ወደ 20 ሴንቲ ሜትር ይጠጋል። ሴቶችን ደጋግሞ የሚይዘው በዋናነት ለዚህ ነው። ከግንኙነት በኋላ የሚነሳባቸው አሉ። እርግዝና፣ የስኳር በሽታ፣ ከማረጥ በኋላ የሚመጣው የሰውነት ለውጥም ያጋልጣል። ሰው የተቀመጠበት ላይ መቀመጥ ግን ከምክንያቶቹ ውስጥ የለበትም።

የሚያሳዝነኝ ሌላው ነገር ነው። በሽታውን ለመሸሽ ብለሽ የምታደርጊው ራሱ በሽታውን ይጠራብሻል። ሽንት ሲወጣ ፊኛውን ያጥበዋል። ውሃ ካልጠጣሽ የሚያጥበው ነገር ያንሳል፣ ይዘሽው ከዋልሽ ደግሞ የገባው ባክቴሪያ ለመራባት ጊዜ ያገኛል። ከፍ ብሎ መሽናቱም አይጠቅምሽም፣ ጭንና ዳሌ ተወጥሮ እያለ የታችኞቹ ጡንቻዎች በደንብ ስለማይፈቱ ፊኛው ሙሉ በሙሉ አይራገፍም፣ ትራፊው እዚያው ይቀራል። እባክሽ ተቀመጪ። ተረጋግተሽ ጨርሺ። ስትጠርጊም ከፊት ወደ ኋላ ይሁን።

ጨብጥና ቂጥኝን በተመለከተ፣ እነዚህ ጀርሞች ከሰውነት ውጭ በጣም ደካሞች ናቸው። የጨብጥ ባክቴሪያ ሲደርቅ ይሞታል። እኛ ሆን ብለን ልናሳድገው ስንፈልግ እንኳ የተለየ ምግብ፣ ልኩ የተጠበቀ ሙቀትና ካርቦን ዳይኦክሳይድ እናዘጋጅለታለን፣ ናሙናው መንገድ ላይ ከዘገየም ይሞትብናል። ክላሚዲያ የሚባለው ሌላው የአባላዘር ባክቴሪያ ሕያው ሴል ውስጥ ካልገባ አይራባም። ቂጥኝ በአብዛኛው ከቁስሉ ጋር ቀጥታ ንክኪ ይፈልጋል። ኤችአይቪም ቢሆን ኤድስ እ.ኤ.አ. በ1981 ለመጀመሪያ ጊዜ ከተመዘገበ ወዲህ ከሽንት ቤት መቀመጫ ተያዘ የተባለ አንድም የተረጋገጠ ሰው የለም።

ደግሞ አስቢው፣ መቀመጫውን የሚነካው ምንሽ ነው? የጭንሽና የመቀመጫሽ ቆዳ። ያ ቆዳ ጤነኛ ከሆነ ጥሩ ግድግዳ ነው። የአባላዘር ጀርሞች መግባት የሚፈልጉት በብልት፣ በአፍ፣ በፊንጢጣ ባለው ስስና እርጥብ ሽፋን ነው፣ እሱ ደግሞ መቀመጫውን አይነካም።

ጥርጥር አለኝ

ወንድሜ የላብራቶሪ ሰው፣ ያልከውን አከብራለሁ፣ ግን "አይያዝም" ብሎ መዝጋት ትንሽ የቸኮለ መሰለኝ። ብልት ላይ ቁስል የሚያወጣው ቫይረስ፣ ኸርፐስስ? የማኅፀን በር ካንሰር የሚያመጣው ቫይረስ፣ ኤችፒቪስ? ኤችፒቪ ደረቅ ነገር ላይም እንደሚቆይ አንብቤያለሁ። ትራይኮሞናስ የሚባለው የአባላዘር ጥገኛ ተህዋስም እርጥብ ቦታ ላይ በሕይወት ይቆያል ይባላል። ሰዎች "ምንም የለም" ሲባሉ ጭራሽ መጠንቀቅ ያቆማሉ። ያውም እነዚያ ሽንት ቤቶች ምን እንደሚመስሉ ሁላችንም እናውቃለን፣ መቀመጫው ላይ የሰው ሽንት እያየህ "ተቀመጪ" ማለት ይከብዳል። የቅማልና የእከክስ ነገር?

የላብራቶሪ ሰው

ጥያቄህ ተገቢ ነው። በየተራ ልመልስ።

ትራይኮሞናስ ባልከው ልክ ነው፣ እርጥብ ነገር ላይ ለተወሰነ ጊዜ በሕይወት ሊቆይ ይችላል፣ ሲደርቅ ይሞታል። ነገር ግን በሕይወት መቆየት አንድ ነገር ነው፣ ከዚያ ተነስቶ ብልት ውስጥ መድረስ ሌላ ነው። ሰው ላይ የምናገኘው ትራይኮሞናስ በግንኙነት የተላለፈ ነው ብለን የምንነሳው ለዚህ ነው። ኸርፐስም እንደዚሁ ከሰውነት ውጭ ዕድሜው አጭር ነው፣ ቫይረሱ ካለበት ቆዳ ወይም ቁስል ጋር ቀጥታ መነካካት ይፈልጋል። ኤችፒቪ ከሌሎቹ ጠንከር ይላል፣ ድርቀትን ይችላል። የእሱ ዘረ መል ዕቃ ላይ ተገኘ የሚሉ ጽሑፎች አሉ፣ ዘረ መሉ መገኘቱ ግን ሰው የሚይዝ ሕያው ቫይረስ አለ ማለት አይደለም። ከመቀመጫ ወደ ሰው እንደሚያልፍ የሚያሳምን ማስረጃ የለም። ኤችፒቪ የሚያሳስበው ሰው ሶፍት ከማንጠፍ ይልቅ ክትባቱን ቢጠይቅ፣ ሴት ከሆነች ደግሞ የማኅፀን በር ካንሰር ቅድመ ምርመራ ብታደርግ እጅግ ይሻላታል።

የብልት ቅማል እግሩ ፀጉር ላይ ለመንጠላጠል የተሠራ ነው። ለስላሳ ፕላስቲክ ላይ መቆም አይችልም፣ ከሰው ሙቀት ከተለየም በ1 ወይም በ2 ቀን ይሞታል። እከክን የሚያመጣው ነፍሳት አብዛኛውን ጊዜ ረዘም ያለ የቆዳ ለቆዳ ንክኪ ይፈልጋል፣ አንድ አፍታ መቀመጥ አይበቃውም።

መቀመጫው ላይ የሰው ሽንት ካለ ግን እኔም አልቀመጥም። ጥረጊው፣ አድርቂው፣ ከዚያ ተቀመጪ። ጭንሽ ላይ የተከፈተ ቁስል ካለ ሸፍኚው፣ እንደ ስታፍ ያሉ የቆዳ ባክቴሪያዎች በተላጠ ቆዳ ሊገቡ ይችላሉ።

ሦስት ልጆች አሉኝ

ሁላችሁም ስለ መቀመጫ ታወራላችሁ፣ እኔ ግን ዋናው ነገር የተዘለለ ይመስለኛል። ከሽንት ቤት የሚያዘው የሆድ በሽታ ነው! ልጆች ስላሉኝ ይሄን ጉዳይ ደጋግሜ ሐኪም ጠይቄ፣ አንብቤም አውቀዋለሁ። አንዱ ልጅ ከትምህርት ቤት ትውከትና ተቅማጥ ይዞ ይመጣና ሳምንት ሳይሞላ ቤቱ በሙሉ ይተኛል። የሚያዙት ተቀምጠው አይደለም። የበሩን እጀታ፣ የውሃ መልቀቂያውን፣ የቧንቧውን መክፈቻ ነክተው እጃቸውን ወደ አፋቸው ይወስዳሉ፣ አለቀ።

ኖሮቫይረስ የሚባለው በጣም ክፉ ነው። 100 የማይሞሉ የቫይረስ ቅንጣቶች ሰውን ሊያሳምሙ ይችላሉ፣ በታመመ ሰው ሰገራ ውስጥ ደግሞ በ1 ግራም ቢሊዮኖች ይገኛሉ። ዕቃ ላይ ለቀናት፣ አንዳንዴም ለሳምንታት ይቆያል። ሰውየው ድኖ ወደ ሥራው ከተመለሰ በኋላም ለ2 ሳምንትና ከዚያ በላይ ቫይረሱን ሊያወጣ ይችላል። ቦርሳችን ውስጥ የምንይዘው የአልኮል ሳኒታይዘር ለብዙ ጀርም ጥሩ ነው፣ ለኖሮቫይረስ ግን አይበቃም። ሳሙናና ውሃ ነው የሚያነሳው፣ ለ20 ሰከንድ ያህል በደንብ እየተሻሸ። የጣት መሐል፣ አውራ ጣት፣ ጥፍር ሥር። ብዙ ሰው እኮ ጣቱን አርጥቦ ነው የሚወጣው።

የማለዳ ጤዛ፣ አንቺ መቀመጫው ላይ አልኮል ትረጫለሽ፣ እጅሽንስ በሳሙና ነው የምትታጠቢው? አትቀየሚኝ፣ ከልቤ ነው የምጠይቅሽ።

የላብራቶሪ ሰው

እናታችን፣ ነገሩን ያመጡት እዚያው ልቡ ላይ ነው። እኔም ወደዚያ ልመጣ ነበር።

ሺጌላ የሚባለው ደም የቀላቀለ ተቅማጥ የሚያመጣው ባክቴሪያም ከ10 እስከ 100 በምትሆን ቁጥር ብቻ ሊያሳምም ይችላል። ሄፓታይተስ ኤ፣ ጃርዲያ፣ አሜባ፣ ታይፎይድ ሁሉም መንገዳቸው አንድ ነው፣ ከሰገራ ተነስተው በእጅ ወይም በምግብና በውሃ አድርገው አፍ ይገባሉ። ሄፓታይተስ ኤ ከተያዙ በኋላ ምልክቱ እስኪታይ ከ15 እስከ 50 ቀን ስለሚወስድ ሰው የት እንደያዘው እንኳ ማስታወስ አይችልም። ደግነቱ ክትባት አለው። የወስፋት እንቁላል ግን ከሰው እንደወጣ ወዲያው አይዝም፣ አፈር ውስጥ ጥቂት ሳምንታት መቆየት አለበት፣ ስለዚህ ወስፋት በብዛት የሚመጣው ከተበከለ አፈርና በደንብ ካልታጠበ አትክልት ነው።

ውሃ ሲለቀቅ ስለሚነሳው ርጭትም ላንሳ፣ መጠየቁ አይቀርም። እ.ኤ.አ. በ2022 የኮሎራዶ ቦልደር ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በአረንጓዴ ሌዘር አብርተው ቀርጸውት ነበር። ክዳን የሌለው ሽንት ቤት ውሃ ሲለቀቅበት በዓይን የማይታዩ ጠብታዎች በ8 ሰከንድ ውስጥ እስከ 1.5 ሜትር ከፍታ ወጡ። ብዙዎቻችን ክዳን ከዘጋን ይበቃል ብለን እናስብ ነበር፣ እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣ የአሪዞና ዩኒቨርሲቲ ጥናት ግን ክዳን መዝጋት በአካባቢው ዕቃ ላይ የሚያርፈውን ቫይረስ እምብዛም እንዳልቀነሰው አሳየ። ልዩነት ያመጣው በፀረ ጀርም ማጽዳቱ ነው። ይሄ ማለት አየሩን ስባችሁ ትታመማላችሁ ማለት አይደለም። ጠብታው ዕቃው ላይ ያርፋል፣ ዕቃውን እጅ ይነካዋል፣ እጅ ወደ አፍ ይሄዳል። ስልካችሁን ይዛችሁ አትግቡ የምለውም ለዚህ ነው። እጅ ይታጠባል፣ ስልክ ግን አይታጠብም።

ጽዳት ሥራዬ ነው

ሰላም። የጽዳት ሠራተኛ ነኝ፣ ሰው ብዙም አይጠይቀንም እንጂ እኛ የምናየው አለ። ሰዎች መቀመጫውን ይጸየፋሉ፣ የበሩን መቀርቀሪያ ግን ሳያስቡት ይነካሉ። ልንገራችሁ፣ ከሁሉ ቶሎ የሚቆሽሸው መቀርቀሪያው፣ የውሃ መልቀቂያውና የቧንቧው መክፈቻ ነው። ሰው ሳይታጠብ ነክቶት ይከፍታል፣ ታጥቦ ደግሞ እሱኑ ነክቶ ይዘጋል። በሶፍት ይዛችሁ ዝጉት።

በአንድ ጨርቅ መቀመጫውንም የእጅ መታጠቢያውንም የሚያጸዳ ሰው ካያችሁ ዝም አትበሉ። ያ ጨርቅ ከመቀመጫው ያነሳውን ወስዶ መታጠቢያው ላይ ይለቀልቀዋል። ጨርቁ ለየብቻ መሆን አለበት። ግን ደግሞ ሠራተኛዋ ላይ አትጩሁባት፣ ጨርቅም ጓንትም የማይሰጣት አሠሪዋ ሊሆን ይችላል፣ እሱን ጠይቁ።

በረኪናም ረጭቶ ወዲያው መጥረግ ዋጋ የለውም። መጀመሪያ ቆሻሻው በሳሙና ይነሳል፣ ከዚያ በረኪናው ቢያንስ 5 ደቂቃ ይቆይ። በረኪናን ከአሲድ ጋር በፍጹም አታደባልቁ! የሚወጣው ጋዝ መርዝ ነው፣ ሳንባ ያቃጥላል። በር ዘግተው በጠባብ ክፍል ሲሠሩ የታመሙ የሥራ ጓደኞች አሉኝ።

ከፍ ብለው የሚሸኑ ሰዎችንም ልለምን። መቀመጫውን የሚያረጥቡት በአብዛኛው እነሱ ናቸው። ቀጥላ የምትመጣዋም እርጥቡን አይታ እሷም ከፍ ትላለች፣ እንዲህ እየተባለ ይውላል።

ስሜ ይቅር

ይቅርታ፣ ስሜን መጻፍ አልፈለግኩም። ከላይ ትራይኮሞናስ ሲነሳ አይቼ ነው። እኔ ላይ ተገኝቷል። ከባለቤቴ ሌላ ሰው አላውቅም። ስነግረው "ከሽንት ቤት ነው የያዘሽ፣ እኔን አይመለከተኝም" ብሎ መመርመርም መድኃኒት መውሰድም እምቢ አለ። እኔ መድኃኒቱን ጨረስኩ፣ ተሻለኝ፣ ከዚያ ተመልሶ መጣብኝ። ሐኪሙም እሱ ካልታከመ አይሆንም አለኝ። ከሽንት ቤት ሊሆን ይችላል ብሎ የሚያረጋግጥልኝ ሰው ባገኝ ቤቴ ሰላም ይሆን ነበር።

የላብራቶሪ ሰው

እህቴ፣ ልብሽ እንደተጨነቀ ይገባኛል። ከሽንት ቤት ነው ብዬ ላረጋግጥልሽ አልችልም፣ እውነት ስላልሆነ። ግን ሌላ እውነት አለ፣ እሱን ጠብቀሽ ያዢልኝ። ትራይኮሞናስ ከተያዙ ሰዎች 70 በመቶ ያህሉ ምንም ምልክት አያዩም፣ ወንዶች ደግሞ ብዙውን ጊዜ ምንም አይሰማቸውም። ሰውነት ውስጥ ተደብቆ ለወራት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ሊቆይ ይችላል። ስለዚህ ዛሬ ተገኘ ማለት ዛሬ ወይም አምና ተያዘ ማለት አይደለም። ከትዳራችሁ በፊት የነበረም ሊሆን ይችላል። ምርመራው መቼና ከማን እንደተያዛችሁ አይናገርም፣ ማንም በዚህ ወረቀት ማንንም ሊከስ አይገባም።

ለባለቤትሽም እንደዚያ ንገሪው። "ማን አመጣው" የሚለውን ተዉትና "እንዴት እንዳን" በሉ። መድኃኒቱ ለሁለታችሁም በአንድ ጊዜ ነው የሚሰጠው፣ ሁለታችሁም ጨርሳችሁ ምልክቱ እስኪጠፋ ከግንኙነት ትታቀባላችሁ፣ አንቺ ደግሞ በ3 ወር ውስጥ እንደገና ትመረመሪያለሽ። ቀላል መድኃኒት ነው፣ ይድናል። እሱ ካልወሰደ ግን አንቺ ስንት ጊዜ ብትታከሚ እየተመለሰ ይይዝሻል። ከፈራ ወይ ካፈረ አብራችሁ ሐኪም ዘንድ ግቡና ሐኪሙ ያስረዳው። ከባለሙያ ሲሰማው የሚለሳለስ ብዙ ሰው አይቻለሁ።

ከሽንት ቤት ነው የሚለው ወሬ የሚያናድደኝ በዚህ ምክንያት ነው። ለጊዜው ሰላም የሚያወርድ ይመስላል፣ ግን አንዱን ሰው ሳይታከም ያስቀረዋል።

ጥርጥር አለኝ

ስለ ትራይኮሞናሱ ያልኩትን አሁን ከዚህች እህት ታሪክ ጋር ሳየው ነገሩ ከብዶ ታየኝ። እኔ ስጽፍ ያሰብኩት ስለ ንጽሕና ብቻ ነበር። ባለቤትሽ ይሄን የሚያነብ ከሆነ ወንድሜ፣ እንደ ወንድ ልንገርህ፣ መድኃኒት መዋጥ ጥፋተኛ ነኝ ማለት አይደለም። ሚስትህን ማዳን ነው።

አንድ ነገር ልጨምር፣ እግር ላይ የሚወጣው የጣት መሐል ፈንገስ ከእርጥብ ወለል ይያዛል፣ በተለይ ሻወር ካለው ጋራ መታጠቢያ። በባዶ እግር አትግቡ።

የማለዳ ጤዛ

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። እናታችን አልተቀየምኩም። እጄን በሳሙና እታጠባለሁ፣ ግን እንደነገሩኝ ጥፍር ሥር ድረስ አይደለም፣ ደግሞ እዚያ ሽንት ቤት ሳሙና የሚኖርበት ቀን ጥቂት ነው። ከዛሬ ጀምሮ የራሴን ትንሽ ሳሙና ቦርሳዬ ውስጥ እይዛለሁ። ውሃም መጠጣት ጀምሬያለሁ።

አንድ የቀረኝ ጥያቄ፣ መድኃኒቱን ልጨርስ ጥቂት ነው የቀረኝ፣ ማቃጠሉ ሙሉ በሙሉ ጠፍቷል። ማቆም እችላለሁ? ደግሞ እንደገና ቢነሳብኝስ መቼ ነው መፍራት ያለብኝ?

ስሜ ይቅር ያልሽው እህቴ፣ አይዞሽ። ብቻሽን አይደለሽም።

የላብራቶሪ ሰው

አታቁሚው። የታዘዘልሽን እስከ መጨረሻው ውሰጂ፣ ስሜቱ ስለጠፋ ባክቴሪያው አልቋል ማለት አይደለም። ቢመለስብሽ ደግሞ የተረፈ ክኒን ፈልገሽ አትዋጪ፣ የሽንት ካልቸር፣ ማለትም ባክቴሪያውን አሳድጎ የሚያይ ምርመራ፣ እንዲሠራልሽ ጠይቂ፣ የትኛው መድኃኒት እንደሚሠራበት የሚለየው እሱ ነው። ትኩሳት፣ ብርድ ብርድ ማለት፣ የጎን ወይም የወገብ ሕመም፣ ትውከት ካየሽ ወይ ሽንትሽ ላይ ደም ካለ ለነገ አትበይ፣ በዚያው ቀን ሐኪም ጋ ሂጂ፣ ወደ ኩላሊት እየወጣ ሊሆን ይችላል። እርጉዝ ከሆንሽ ደግሞ ማቃጠሉን ብቻም ብታይ ሳትቆዪ ታዪ።

ሳሙና ስለሌለው ነገር፣ የራስሽን መያዝሽ ጥሩ ነው፣ ግን ለኃላፊዎቹም ንገሯቸው፣ አንድ ሆናችሁ ንገሯቸው። ባለጉዳይ የሚገባበት ሽንት ቤት ሳሙና ከሌለው እዚያ የሚሠራውም የሚመጣውም በሙሉ ነው የሚጋለጠው።

ጽዳት ሥራዬ ነው

ስትነግሯቸው ክዳን ያለው የቆሻሻ መጣያም ጠይቁ። ሞዴስ ሽንት ቤቱ ውስጥ የሚጣለው ማስቀመጫ ሲጠፋ ነው፣ ከዚያ ይደፈንና ውሃው ወደ ወለሉ ይገነፍላል። እሱን በእጃችን የምናወጣው እኛ ነን።